ከኔ በኋላ የመጣው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ። የ2025 መኸር፣ እሑድ ከሰዓት። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና አልፏል። ድምፁ የተዘጋው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ፖለቲከኛ ስለ ስደተኞች እጁን እያወናጨፈ ነው። ጋሼ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር መጥተው ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚሚ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ኢኮኖሚክስ ትማራለች። እንግዳው የጋሼን ቤዝመንት የተከራየ ወጣት ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እኔ ጥግ ይዤ ከማዳመጥ በቀር ብዙ አልተናገርኩም፤ በእነሱ መሀል ለመናገር ክፍተት ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ጋሼ፦ ይህን ሰውዬ አልወደውም። ግን አንዱ ነገሩ እውነት ነው። መጤ ሥራ ይሻማል፣ ዋጋም ይሰብራል።

ሚሚ፦ እርስዎ ራስዎ መጤ አይደሉም እንዴ ጋሼ?

ጋሼ፦ ለዚህ እኮ ነው የማውቀው! እኔ ታክሲ ስጀምር ብዙዎቹ የዲሲ ሾፌሮች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሽማግሌዎቹ «ሥራውን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ይሉን ነበር። እነሱ ስምንት ሰዓት ነድተው ልጆቻቸው ጋ ይገባሉ። እኛ አሥራ ስድስት ሰዓት እንነዳለን፣ መኪናው ውስጥ እናንቀላፋለን፣ አምስት ሆነን አንድ አፓርታማ እንከራያለን። እንዲህ ከሚኖር ሰው ጋር ማን ይወዳደራል?

ሚሚ፦ ሽማግሌዎቹ ያዩትን አይተዋል፤ አልክድም። ግን አንድ ሰው ከመሪው ኋላ ሆኖ የሚያየውና ከተማው በጠቅላላ የሚሆነው ይለያያል። የማያሚን ነገር ሰምተዋል?

ጋሼ፦ ደግሞ ማያሚ! እኛ የምናወራው ስለ ዲሲ ነው።

ሚሚ፦ ይታገሡኝ። በሚያዝያ 1980 ካስትሮ የማሪየልን ወደብ ከፈተና «መሄድ የፈለገ ይሂድ» አለ። እስከ ጥቅምት ድረስ 125,000 ያህል ኩባውያን በጀልባ ፍሎሪዳ ገቡ። ብዙዎቹ ማያሚ ቀሩ፤ የከተማው ሠራተኛ ቁጥር በወራት ውስጥ 7 ከመቶ ያህል ጨመረ። ብዙ ትምህርትም የላቸውም። ለጥናት እንዲህ የሚመች ነገር አይገኝም፤ ምክንያቱም ሰዎቹ የመጡት ማያሚ ሥራ በዝቶ ስለጠራቸው አይደለም፤ ካስትሮ በሩን ስለከፈተ ነው። ዴቪድ ካርድ የሚባል ኢኮኖሚስት ማያሚን ከአትላንታ፣ ከሂውስተን፣ ከሎስ አንጀለስና ከታምፓ ጋር አስተያይቶ በ1990 ጥናቱን አወጣ። ዝቅተኛ ደሞዝ የሚበሉት ነጮችም ሆኑ ጥቁሮች ደሞዛቸው በኩባውያኑ ምክንያት አልወረደም አለ። ሥራ አጥነቱም እንደዚያው። ከነሱ ቀድመው ለገቡት ኩባውያን እንኳ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኘም።

ጋሼ፦ እንዴት ይሆናል? ከመቶ ሰባት ሰው ድንገት ገብቶ?

ሚሚ፦ የመጣው ሰው እጅ ብቻ ይዞ አልመጣማ፤ ሆድም አለው። ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ጫማ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል። ሥራ ከዓመት ዓመት አንድ ልክ ሆኖ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ማያሚ ደግሞ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለመዱ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ነበሯት። ካርድ ሌላም ነገር አንሥቷል፤ ወደ ማያሚ ሊመጡ ይችሉ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ከዚያ ወዲያ ሌላ ከተማ መርጠው ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። እሱን ድገሚልኝ።

ሚሚ፦ ሌሎቹ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ጋሼ፦ እንግዲያው የተገፋ አለ! መምጣቱን ትቶ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው እኮ ባንቺ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ማያሚ ስላልመጣ «ጉዳት የለም» ተባለ። የኔ ጎረቤት ታክሲውን ሸጦ ኦሃዮ ኮሎምበስ ገብቶ መጋዘን ውስጥ ሥራ ሲይዝ፣ ዲሲ ላይ የሚቆጥር ሰው «የታክሲ ሾፌሮች ደህና ናቸው» ይላል። ደህና የሆነው የቀረው ነው።

(ይህ ተራ ክርክር አይደለም። ኢኮኖሚስቶች ከተማን ከከተማ ባስተያዩ ቁጥር የሚነሣ ትችት ነው፤ ጋሼ ያገኙት ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤታቸው ነው።)

ሚሚ፦ ጥሩ አሉ። የሚደግፍዎት ፕሮፌሰርም አለ። ጆርጅ ቦርሃስ ይባላል፣ ሃርቫርድ ያስተምር ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ያንኑ የማያሚ መረጃ ገለጠና «ተሳስታችኋል» አለ። ሃይስኩል ያልጨረሱትን ወንዶች ብቻ ለይቶ ሲያይ ደሞዛቸው ከ10 እስከ 30 ከመቶ ወርዶ አገኘው።

ጋሼ፦ ይኸው! ምን አልኩሽ?

ሚሚ፦ እሱ ራሱ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሃቫና ተወልዶ በ1962 በልጅነቱ ተሰዶ የመጣ ኩባዊ ነው። ካርድ ደግሞ ካናዳዊ ነው።

ጋሼ፦ (ከልባቸው ሳቁ) ስለ መጤ የሚጣሉት ሁለቱም መጤዎች! አሜሪካኖቹ የት ሄደው ነው?

ሚሚ፦ ግን ጋሼ፣ የቦርሃስ ስሌት የቆመው በየዓመቱ በተጠየቁ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ሴቶቹን አውጥቷል፣ ላቲኖዎቹን አውጥቷል፣ ወጣቶቹንም አውጥቷል። ያን ሁሉ ከቀነሱ በኋላ ከአንድ ትልቅ ከተማ የሚቀሩት አንድ ክፍል የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በነዚያው ዓመታት መጠይቁ ከበፊቱ የበለጠ ጥቁር ወንዶችን መመዝገብ መጀመሩን አሳዩ። ጥቁሮች ድሮም ያነሰ ይከፈላቸው ስለነበር፣ የአንድም ሰው ደሞዝ ሳይነካ አማካዩ ብቻ ሊወርድ ይችላል።

ጋሼ፦ ጥቂት ናቸው ትይኛለሽ። ጥቂቶቹስ ሰዎች አይደሉም? እኔ የምልሽ እኮ ሁሉም ሰው ተጎዳ አይደለም። ጠበቃው አልተጎዳም፤ እንዲያውም ታክሲ ረከሰለት። ባለ ሬስቶራንቱ አልተጎዳም። የተጎዳው እዚያው ሥር ያለው ነው። ከዚያ በድምር ትነግሩኛላችሁ። ድምር ሬንት አይከፍልልኝም።

ሚሚ፦ እዚህ ላይ ከርስዎ ጋር ነኝ። በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ኢኮኖሚስቶችን ከሁለቱም ወገን ሰብስበው አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጡ። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ተወስዶ ሲታይ የመጤ መምጣት በአገሬው ደሞዝ ላይ በጠቅላላ የሚያመጣው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው አሉ። ጉዳት ከተገኘ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን መሰለዎት? ቀድሞ የመጣውን መጤ። ከዚያ ቀጥሎ ሃይስኩል ያልጨረሰውን የአገሬውን ሰው።

ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ሲኒያቸውን ወደ ረከቦቱ መለሱና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ጋሼ፦ እኔን ማለት ነዋ።

ሚሚ፦ እርስዎን። ምክንያቱም አዲስ ሰው ሲገባ የአገሬው ሠራተኛ አንድ መውጫ አለው፤ ቋንቋው። ዕቃ ከማውረድ ወደ መቆጣጠር ወይም ወደ መሸጥ ይሸጋገራል። ይህንንም ያጠኑ አሉ። ቀድሞ የመጣው መጤ ግን የሚሠራው አዲሱ የሚሠራውን ያንኑ ሥራ ነው፤ እንግሊዝኛውም ያው፣ ሰፈሩም ያው፣ ሥራ የሚፈልግበት መንገድም ያው፤ በወገን በኩል።

ጋሼ፦ ታዲያ እስካሁን የምከራከርሽ ምንድን ነው? ተስማማን እኮ።

ሚሚ፦ አልተስማማንም። እርስዎ «ቀማኝ» የሚሉት ሾፌሩን ነው። እኔ ደግሞ ሥራዎን ያፈረሰውን ሌላ ነገር ላሳይዎት እፈልጋለሁ። ታክሲ ሲጀምሩ ዋጋውን ማን ነበር የሚወስነው?

ጋሼ፦ ከተማው። ዞን ነበረ። ከዚህ ዞን እዚያ ዞን ይህን ያህል ተብሎ ተቆርጦ የተቀመጠ። በ2008 ዞኑ ቀርቶ ሜትር ገባ፤ ያኔም አለቀልን ብለን ነበር።

ሚሚ፦ ዞንም ሆነ ሜትር፣ ዋጋው የከተማው ነው። እንግዲያው እርስዎ አሥራ ስድስት ሰዓት ሲነዱ ከሽማግሌዎቹ የወሰዱት ትሪፕ እንጂ ዋጋ አይደለም። ከነሱ በታች ማስከፈል አይችሉማ።

ጋሼ፦ ትሪፕ ያጣ ሰው ዋጋው ባይወርድ ምን ይጠቅመዋል?

ሚሚ፦ ጥቂት ይጠቅመዋል። የሚያገኛት ትሪፕ ሙሉ ዋጋዋን ትከፍለዋለች። ኡበር ሲገባ ግን...

ጋሼ፦ ኡበርን ለኔ አትንገሪኝ። በ2011 መጨረሻ ጥቁር መኪና ብቻ ይዞ መጣ፤ «የሀብታም ነው» ብለን ናቅነው። በ2013 ማንም በገዛ መኪናው ይንዳ አለ። እኔ ለላይሰንስ ተፈትኜ፣ ኢንሹራንስ ከፍዬ፣ መኪናዬን አስመርምሬ ነው የምሠራው። ያኛው ስልኩን ከፍቶ ይወጣል። በዚያው ዓመት ቲምስተርስ ከሚባለው የሠራተኛ ማኅበር ጋር ተደራጀን፤ በኋላም ጥሩምባ እየነፋን ከተማውን ዞርን። በ2014 ምክር ቤቱ ለነሱ ሕግ አወጣላቸው። ዘግይተን ነው የነቃነው።

ሚሚ፦ ዋጋውን ያወረደው ታዲያ ማን ነው? አዲስ የመጣው ልጅ ነው?

ጋሼ፦ ኩባንያው ነው። ግን ያለዚያ ልጅ ኩባንያው ምን አለው? ስልክ ብቻ! ከመጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በዚያ ዋጋ የሚነዳ ሰው ባያገኝ ኖሮ ዋጋው አይወርድም ነበር። ይህን እንኳ ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ሚሚ፦ እሱን የሚመስል ነገር በቲማቲም ላይ ተሞክሯል።

ጋሼ፦ በምን?

ሚሚ፦ በቲማቲም። ከ1942 ጀምሮ ብራሴሮ በሚባል ስምምነት የሜክሲኮ ገበሬዎች እየመጡ በአሜሪካ እርሻ ይሠሩ ነበር፤ በደራበት ጊዜ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መንግሥት «የአሜሪካን የእርሻ ሠራተኛ ደሞዝ ያወረዱት እነዚህ ናቸው» ብሎ በ1964 መጨረሻ ዘጋው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሦስት ኢኮኖሚስቶች ብራሴሮ የሞላባቸውን ክፍለ ግዛቶች ካልነበረባቸው ጋር ሲያስተያዩ፣ ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ ደሞዙ በሁለቱም ቦታ እኩል ነው የሄደው። የተለየ ጭማሪ የለም። ባለ እርሻዎቹ ደሞዝ ከሚጨምሩ ማሽን አስገቡ። ካሊፎርንያ የቲማቲም መልቀሚያ ማሽን ዝግጁ ነበረ፤ ማሽኑ እንዳያፈርጠው ቆዳው የጠነከረ ቲማቲም ሳይቀር ተዳቅሎለታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፋብሪካው ቲማቲም ሁሉ ማለት ይቻላል በማሽን ተለቀመ። ማሽን ያልተገኘለት አዝመራ ደግሞ መዘራቱ ቀነሰ።

ጋሼ፦ የዚህ አገር ቲማቲም ጣዕም የሌለው ለዚህ ነዋ!

ሚሚ፦ ያ የጣሳው ነው፤ የሰላጣው ሌላ ነው። ነገሩን አያስቀይሱ።

ጋሼ፦ አላስቀየስኩም፣ ገብቶኛል። እነዚህን የኡበር ልጆች ብታስወጪያቸው ሾፌር የሌለው መኪና ይመጣል ልትይኝ ነው። እሱማ መጥቷል። ዌይሞ ዲሲ ውስጥ መኪናዎቹን እየሞከረ ነው፤ ኬ ስትሪት ላይ አጠገቤ ቆሞ አይቼዋለሁ። ውስጡ የተቀመጠው ሰው እጁን አጣጥፏል። እሱስ የየት አገር መጤ ነው ትይኛለሽ?

እንግዳው እስከዚህ ድረስ ስልኩን እያየ ነበር። ስልኩን ገለበጠው።

እንግዳው፦ ጋሼ፣ ስለኔ ስለምታወሩ አንድ ነገር ልናገር?

ጋሼ፦ ስላንተ አይደለም ወንድሜ፣ በጠቅላላው ነው።

እንግዳው፦ ስለኔ ነው፣ ግድ የለም። እኔ አሳይለም፣ ጥገኝነት ነው የጠየቅሁት። ማመልከቻው ከገባ 150 ቀን ካልሞላ ወርክ ፐርሚት መጠየቅ አይቻልም፤ 180 ካልሞላ ደግሞ አይሰጥም። አሁን ከኔ በኋላ ለሚጠይቁት 550 ዶላር ክፍያም ጨምረውበታል። ያን ሁሉ ወር ሰው ምን ይበላል? አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆንኩ፣ በካሽ፣ በሰዓት 8 ዶላር። ባለቤቱ የራሳችን ሰው ነው። ሕጉ ያኔ 12 ይል ነበር።

ሚሚ፦ ወረቀት ባይኖርህም እኮ የሚኒመም ዌጅ ሕግ ያንተም ነው። መክሰስ ትችል ነበር።

እንግዳው፦ ማንን ነው የምከሰው? ክስ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት። ዝም ብዬ አጠብኩ። እዚያው ብዙ ዓመት የሠራ አንድ የኤልሳልቫዶር ሰው ነበር፤ 14 ይከፈለው ነበር። እኔ በገባሁ በወሩ ሰዓቱን ቀነሱበት። ምንም አላለኝም፤ ግን ሰላምታውን ተወ።

ጋሼ፦ ይኸው እንግዲህ! የኔ ቢጤ።

እንግዳው፦ አልጨረስኩም። ፐርሚቱ ሲመጣ ባለቤቱን «ከዚህ በኋላ በቼክ ክፈለኝ፣ 13 አድርግልኝ» አልኩት። «አስብበታለሁ» አለኝ። በሳምንቱ ሌላ ልጅ አመጣ፣ ገና ወረቀት ያላገኘ። በ8 ዶላር። እኔንም ያስወጣኝ ከኔ በኋላ የመጣው ነው።

(ማንም ቶሎ አልመለሰም። እኔ ከዚያ ቀን ውይይት ሁሉ ሲመላለስብኝ የሰነበተው ይህ ነው። ያ ሬስቶራንት በየጊዜው የሚቀያይረው ሰውን እንጂ ዋጋውን አይደለም። 8 ዶላር የአንድ የተወሰነ ሰው ዋጋ አይደለም፤ ወረቀት የመጠበቂያው ጊዜ ዋጋ ነው። ሰውየው ፐርሚቱን ባገኘ ዕለት ለባለቤቱ ውድ ይሆንበታል።)

ሚሚ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ ስንት ጊዜ ቆይተው ነው ሥራ የጀመሩት?

ጋሼ፦ ሁለተኛው ሳምንት ላይ። ፓርኪንግ። ስፖንሰር ያደረገን ቤተ ክርስቲያን ነው ያገኘልኝ።

ሚሚ፦ እርስዎ የገቡት በ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ የገባ ሰው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መሥራት ይችላል። «አይ፣ ይህ ዋጋ አይበቃኝም» ብለው ሌላ ፓርኪንግ መሄድ ይችሉ ነበር። እሱ አይችልም። ሁለታችሁም ከአንድ አገር የመጣችሁ፣ ጉልበታችሁም እኩል፣ የገበያ ዋጋችሁ ግን የተለያየ። የለያችሁ ሕጉ ነው። ዐረብ አገር ያለውን ከፋላ አያውቁትም? ሠራተኛዋ ካሠሪዋ ፈቃድ ውጭ መንቀሳቀስ ካልቻለች ደሞዟን ማን ያሳድግላታል? እዚህም ለወራት ከፋላ አለ፤ ስሙ ሌላ ነው እንጂ።

ጋሼ፦ እኔ ግን ወረቀት ይዤም ሽማግሌዎቹን ገፍቻቸዋለሁ። ስለዚህ ወረቀት ብቻውን መድኃኒት አይደለም።

ሚሚ፦ አይደለም። ወለልም ያስፈልጋል። ድልድዩን ሲሻገሩ ይዩት። ዲሲ ዝቅተኛው ደሞዝ ከሐምሌ ወዲህ 17.95 ዶላር ሆኗል፤ እኛ ተቀምጠን ቡና የምንጠጣበት ቨርጂንያ 12.41 ነው። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል። በወንዙ ሁለት ዳር ያለነው ሐበሾች ያው ነን፤ ኤልሳልቫዶሮቹም ያው ናቸው። አምስት ዶላር ተኩል የሚያለያየን መጤ አይደለም።

ጋሼ፦ እሱን ለባለ ደሞዝ ንገሪ። ሾፌር ደሞዝ የለውም። እኔ ያለኝ መኪና ነው።

ሚሚ፦ ልክ ነዎት፣ ለሾፌር ያ ወለል አይሠራም። በረጅም ጊዜ ግን ገበያው...

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ቁሚ። ይህ ረጅም ጊዜ የምትሉት ስንት ዓመት ነው?

ሚሚ፦ አሥር፣ ከዚያም በላይ።

ጋሼ፦ እኔ 68 ዓመቴ ነው። አንቺ ትደርሺበታለሽ፣ እሱም ይደርስበት ይሆናል። ኢኮኖሚስቶቹ ሲያሰሉ የኔ ቢጤውን በየትኛው መስመር ላይ እንደሚጽፉት ጠይቀሽ ንገሪኝ።

ሚሚ፦ እጠይቃለሁ። መልስ የሚኖራቸው አይመስለኝም።

እንግዳው፦ እሺ ጋሼ፣ ሕጉን ያውጡ ቢባሉ ምን ያወጣሉ?

ጋሼ፦ እኔ? መጀመሪያ ወርክ ፐርሚቱን በገባ በሳምንቱ እሰጠዋለሁ። እኔ እንደተሰጠኝ። ከዚያ ከኔ እኩል ይጠይቅ፣ ከኔ እኩል ይሠለፍ። በ8 ዶላር የሚያሠራውን ደግሞ፣ ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ በሩን አሽገዋለሁ። ቁጥሩ ግን ይወሰናል። በር ያለ ልክ አይከፈትም።

ሚሚ፦ ስንት ላይ ይወሰናል?

ጋሼ፦ የዛሬ ሠላሳ ዓመት አካባቢ በቂ ነበር።

ሚሚ፦ እናቴ የገባችው እርስዎ ሞልተው ባስገቡላት ፎርም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃ። እኔም በእጇ ተንጠልጥዬ።

ጋሼ፦ እሷ እህቴ ናት! እሷ እንዴት ትቆጠራለች?

እንግዳው፦ የኔ ባለቤት አዲስ አበባ ናት ጋሼ። አሳይለሙ ከጸደቀልኝ ፎርሟን ለመሙላት እርስዎን ነበር የማስቸግረው፤ እንግሊዝኛዬ...

ጋሼ፦ አምጣው እሞላልሃለሁ። (ወደ ሚሚ ዞረው) ቁጥሩን ከሷ በኋላ እንወስነዋለን።